ሻምበል እንጣጥ እና የእትዬ አስካለ ልጅ

ሰሞኑን ከደብረ ብርሃን ወደ መሐል ሜዳ በሚሄድ ሚኒባስ ተሳፍሬ ነበር። የእናቴ ቤት ካርታ ጉዳይ አስገድዶኝ እንጂ በፈቃዴ ያችን ከተማ ከረገጥኩ ብዙ ዘመኔ ነው። ሾፌሩ ከመስታወቱ በላይ አንዲት ትንሽ ስክሪን ገጥሟል። ከመናኸሪያ ስንወጣ መዝሙር ነበር፤ ከተማውን እንደለቀቅን ወደ ዘፈን ዞረ፤ ዳገቱ ጀምሮ ብርዱ ሲጠና ደግሞ ፊልም ከፈተ። እኔ መስኮቱን ተደግፌ የገብሱን ማሳ እያየሁ ስለነበር ልብ አላልኩትም። አንድ ቦታ ላይ ግን የማውቀው የጡጫ ድምፅ ጆሮዬ ገባ። ጡጫ ከጡጫ ምን ይለያል አትበሉኝ፤ ይለያል። ቀና ስል ያ ቀጭን ፖሊስ የተገነጠለ ጃንጥላ ይዞ ከጣራ ወደ ጣራ ይዘላል። ሻምበል እንጣጥ ነው። ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ። አሁን ግን ጥርት ባለ የአዲስ አበባ አማርኛ ይናገራል፤ ተርጉመውታል። ተሳፋሪው በሙሉ ይስቃል። እኔን በዚያ ብርድ ላብ አጠመቀኝ።

ለምን እንዳላበኝ ለመናገር ወደ ጋሽ ታፈሰ ቪዲዮ ቤት መመለስ ግድ ይለኛል። ቤቱ ከገበያው በታች ከወፍጮ ቤቱ ጎን ነበር። ቀድሞ የእህል መጋዘን ነበረና በሞቀ ቁጥር የባቄላ ሽታ ይሸታል፤ ዛሬም የደረቀ ባቄላ ሲሸተኝ ጡጫና ርግጫ ነው የሚታወሰኝ። መስኮቶቹ በማዳበሪያ ጆንያ ተደፍነዋል። መቀመጫው ድንጋይ ላይ የተጋደመ የባሕር ዛፍ ግንድ ነው፤ የፊተኛው ግንድ ስላልተላጠ ሱሪ ይቀድ ነበር። መግቢያው ስሙኒ ነው። በር ላይ አንዲት ሴትዮ ገብስ ቆሎ በስኒ እየሰፈሩ በዐሥር ሳንቲም ይሸጣሉ፤ ኪስ የሌለው በባርኔጣው ይቀበላል። ጋሽ ታፈሰ ከደብረ ብርሃን ቴሌቪዥንና የቪዲዮ ዴክ በአህያ ጭነው፣ በባና ብርድ ልብስ ጠቅልለው አምጥተዋል ይባላል። እኔ ግን ከአውቶቡስ ላይ ሲወርድ አይቻለሁ። አህያው የተጨመረው ወሬው እንዲጥም ነው፤ ያኔ ሁላችንም የሆነውን ነገር እንዳለ ማውራት ያሳፍረን ነበር መሰለኝ። ጀኔሬተሩ በገመድ ሲጎተት ሦስት ጊዜ አስሎ በአራተኛው ይነሣል። ሲነሣ ቤቱ በሙሉ ያጨበጭባል።

የዚያን ጊዜ ወጣት መሆን ደስ ይል ነበር፤ አልዋሽም። ጥቁር ኮንጎ ጫማ በነጭ ካልሲ፣ ጉልበቱ የተጣፈ ካኪ ሱሪ፣ ላዩ ላይ የአባት ካፖርት። ጠጉራችንን በማበጠሪያ ወደ ላይ እናቆመውና ነፋሱ እንዳያበላሸው ግድግዳ ግድግዳውን እንሄዳለን። ከወፍጮ ቤቱ ፊት ለፊት ካለው ሻይ ቤት ካሴት ሲዘፈን ይውላል፤ አንዱ ዘፈን ገና ከመሃሉ ሳይደርስ ባትሪው ደክሞ ዘፋኟ እንደ ወንድ መጎርነን ትጀምራለች። እኛም እንደዚያው በጎርናና ድምፅ እናዜመው ነበር። ኋላ አዲስ አበባ ትክክለኛውን ብሰማው ዘፈኑ አልመስልህ አለኝ።

እኔ የቪዲዮ ቤቱ አስተርጓሚ ነበርኩ። ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ተፈትኜ ውጤት አልመጣልኝም፤ ግን ተፈትኛለሁ፤ ያ ለጋሽ ታፈሰ በቂ ነው። የፊልሙ ቋንቋ የቻይና ነው ተብሏል። ከሥሩ በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ይሮጣል። ችግሩ የጋሽ ታፈሰ ቴሌቪዥን ሥዕሉን ከታች በኩል ይቆርጠው ስለነበር ከጽሑፉ የሚታየው አናት አናቱ ብቻ ነው። ሙሉው ቢታይስ ምን ላውቅበት ኖሯል። ስለዚህ ከቴሌቪዥኑ ጎን እቆምና በቀጭን ዘንግ እየጠቆምኩ ከሆዴ አወጣለሁ። ፖሊሱ ሌባ እያሳደደ አምስት አገር ይዞራል፤ መሰላል ላይ ይማታል፤ በወንበር ይማታል፤ አንዴ ደግሞ በዓሣ ይማታል። አለቃው ሲቆጣ «አንተ ሻምበል እንጣጥ፣ የመንግሥት ጃንጥላ ስትሰብር ስንተኛህ ነው?» አስብለዋለሁ። ሌባውን «የጎረቤታችንን የሞላሌን ገበያ ሳልዘርፍ ወደ አገሬ አልመለስም» አስብለዋለሁ። ቤቱ በሳቅ ይፈርሳል። በረዶ ያለበትን አገር ሩሲያ፣ አሸዋ ያለበትን ዐረብ አገር ብዬ ሰየምኩ። እንደ መምህር ነበር የሚያዩኝ፤ ገበያ መሃል ሽማግሌ ከመቀመጫው ይነሣልኝ ጀመር። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ፤ ያን ጊዜ ግን ደስ ብሎኛል።

እዚያ ዐረብ አገር ባልኩት ወደብ ላይ ፖሊሱ በተሸካሚዎች መሃል ይሮጣል። አንድ ከሲታ ወጣት ጆንያ ተሸክሞ፣ ራሱን በነጭ ጨርቅ ጠምጥሞ ያልፋል። ፖሊሱ ይገጨዋል፤ ጆንያው ይወድቃል፤ ልጁ ወደ እኛ ዞሮ አፉን ከፍቶ አንድ ነገር ይላል፤ ከዚያ ይጠፋል። ሁሉም ሦስት ወይ አራት ሰከንድ ነው። አንድ የገበያ ቀን፣ ቤቱ ጢም ብሎ ሞልቶ፣ ሳቁ ቀዝቀዝ ሲልብኝ ጊዜ ዘንጌን ልጁ ላይ ቀሰርኩና «ይኸው ደረጀ፤ የእትዬ አስካለ ልጅ፤ ቆሎ ሲሸከም» አልኩ። ሰው ተንፈራፍሮ ሳቀ። ያ ሳቅ እስከዛሬ ይሰማኛል።

ደረጀ ከእኔ ጋር አንድ ዴስክ ላይ የተማረ ልጅ ነው። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ከጓደኛችን ከጌታቸው ጋር በጭነት መኪና ተነሥቶ ዐረብ አገር እገባለሁ ብሎ ወጥቷል። ደብዳቤ የለ፣ ወሬ የለ። ለእናቱ አንድ ነው። እትዬ አስካለ የበግ ጠጉር ፈትለው ለባና ሸማኔዎች የሚሸጡ፣ እንዝርት ከእጃቸው የማይጠፋ ሴት ነበሩ። ቀልዴ ጀንበር ሳትጠልቅ ደጃቸው ደረሰ። ማን እንዳደረሰው አላውቅም፤ በከተማችን ወሬ የሚያደርስ ሰው ተፈልጎ አይታጣም።

በሚቀጥለው ገበያ እትዬ አስካለ መጡ። በእሳቸው ዕድሜ ያለች ሴት ቪዲዮ ቤት ገብታ አታውቅም። እንደ ሰው ስሙኒያቸውን ከፍለው፣ ያልተላጠው ግንድ ላይ ነጠላቸውን አንጥፈው ከፊት ተቀመጡ። ጎረምሳው ሁሉ ባርኔጣውን አወለቀ። ወደቡ ሲደርስ እንዝርታቸውን አቆሙ። ልጁ ዞረ፣ አፉን ከፈተ፣ ጠፋ። እትዬ አስካለ ብድግ ብለው ወደ እኔ ዞሩ።

«በቀለ፣ እሱ ነው ወይ?»

ያኔ «ቀልዴን ነው እትዬ» ማለት ይቻል ነበር። ሦስት ቃል ናት። ግን ሰው ሁሉ እኔን ያያል፤ ደግሞ ፊታቸው እንደዚያ በርቶ አይቼው አላውቅም። ፊታቸው አሳዘነኝ ልል እችላለሁ፤ እውነቱ ግን ከእሳቸው ይልቅ ለራሴ ነው የፈራሁት። አስተርጓሚ ተብዬ አላውቅም ማለት አልሆነልኝም።

«አዎ፣ እትዬ» አልኩ።

«አፉን ከፈተ እኮ። ምን አለ?»

«‹እናቴን ሰላም በሉልኝ› አለ።»

ጋሽ ታፈሰ ሳይጠየቁ ካሴቱን ወደ ኋላ አጠነጠኑት። እትዬ አስካለ እንደገና አዩት፤ እኔም እንደገና አልኩት። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ ይህ ግን ወለምታ አልነበረም፤ ሁለተኛ ጊዜ ስለው ድምፄን አሳምሬ ነው።

ከዚያ በኋላ በየገበያው መምጣታቸውን ቀጠሉ። ጋሽ ታፈሰ ክፍያውን ተዉላቸው፤ ደረጀን ለማየት የሚመጣው ሰው ቤቱን ሞልቶት ነበርና አልጎደለባቸውም። እትዬ አስካለ ሻምበል እንጣጥን እንደ ዘመድ ይወዱት ጀመር፤ ሲመታ «እሰይ» ይላሉ፤ ሲመቱት ጉንጫቸውን ይይዛሉ። ጆንያውን ስለጣለበት ግን ይቆጡታል። «ልጄን ሳያይ ይገጨዋል፤ ግን ክፉ ሰው አይደለም፤ ሥራ በዝቶበት ነው» ይሉኝ ነበር። አንዴ «ከስቷል አይደል? ምን ይበላ ይሆን?» ብለው ጠየቁኝ። በዐረብ አገር ሩዝ በዶሮ ነው የሚበላው ብዬ መለስኩላቸው። አሁን ይህን ሁሉ ሳስታውስ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እመርጣለሁ።

ክረምቱ እንደወጣ ጌታቸው ብቻውን ተመለሰ። ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ፣ አንድ እግሩን እየጎተተ ነው የመጣው። ደረጀ በረሃ ላይ በውሃ ጥም ሞቶ፣ እሱ ራሱ አሸዋ ቆፍሮ፣ ድንጋይ ከምሮበት እንደመጣ ለአባ ተክሌ ተናገረ። አባ ተክሌ የእትዬ አስካለ የነፍስ አባት ናቸው። እንደ ወጉ ዘመድ ጎረቤቱን ሰብስበው፣ ጎህ ሲቀድ፣ ሰው ከቤቱ ሳይወጣ መርዶ ሊያረዱ ሄዱ። እኔም ከኋላ ተከትያለሁ። እትዬ አስካለ በሩን ከፍተው ሰዎቹን አዩ፤ ገባቸው። ሴቶቹ ልቅሶ ሊጀምሩ አፋቸውን ሲከፍቱ እሳቸው እጃቸውን አነሡ።

«ዝም በሉ። ልጄ አለ። በገበያው ዕለት አይቼዋለሁ። ሰላም ብሎኛል።»

ጌታቸው «እትዬ፣ በእጄ ነው የቀበርኩት» አላቸው።

«አንተ በረሃ ላይ ጥለኸው መጥተህ ነው። በቁም ላለ ሰው ፍትሐት አይደረግም። ከደጄ ሂድልኝ።»

አባ ተክሌ ሰውን ዐይናቸውን አዙረው አዩና እኔ ላይ አቆሙት። ከኋላ ተጎትቼ ወደ ፊት ወጣሁ። «በቀለ፣ እንግዲህ አንተ ነህ የምታውቀው። ፊልሙ ላይ ያለው ልጅ ደረጀ ነው? በመስቀሌ ልጠይቅህ» አሉኝ። ጌታቸው አጠገቤ ቆሟል፤ የተሰነጠቀ ከንፈሩን አያለሁ። የእትዬ አስካለ የእኅት ልጆች ዱላቸውን ተደግፈው ቆመዋል። ብናገር ይገሉኛል ብዬ ፈራሁ፤ ባይገሉኝም አንድ ወር ሙሉ በእናት ላይ ሲያሾፍ የነበረ ተብዬ በዚያ አገር መኖር አልችልም።

«እኔ የተናገርኩት ፊልሙ ያለውን ነው» አልኩ።

አባ ተክሌ መስቀላቸውን ወደ ካባቸው መለሱ። ሰው ተበተነ። ፍትሐት አልተፈታም፤ ዐርባው አልወጣም፤ ተዝካር አልተበላም። ጌታቸው ጓደኛውን ጥሎ የመጣ ውሸታም ተብሎ ሻይ ቤት እንኳን የሚያስጠጋው ስላጣ ወደ ዓለም ከተማ ሄዶ ቀረ። እኔም አልቆየሁም። ከመሄዴ በፊት አንድ ገበያ ዴኩ ካሴቱን በላው፤ ሁልጊዜ ወደ ኋላ የሚጠነጠነው እዚያ ቦታ ላይ ነውና ቀድሞ ሳስቶ ነበር። ጋሽ ታፈሰ የተበላውን ቆርጠው በፕላስተር ቀጠሉት። ሻምበል እንጣጥ ከበረዶው አገር ተነሥቶ በቀጥታ መርከብ ላይ ተገኘ፤ ወደቡ የለም። እትዬ አስካለ አልደነገጡም። «ከዚያ አገር ተነሥቷል ማለት ነው፤ ይሁን፤ መንገዱን ያቅናለት» ብለው እንዝርታቸውን ይዘው ወጡ። ከዚያ በኋላ ቪዲዮ ቤት አልመጡም። እኔ በማግሥቱ የደብረ ብርሃን አውቶቡስ ላይ ነበርኩ። ለእናቴ ቀብር እንኳን ስመጣ ጥግ ለጥግ ሄጄ በዚያው ዕለት ነው የተመለስኩት።

እንግዲህ ሚኒባሱ ውስጥ ያላበኝ ለዚህ ነው። ወደቡ እንደሚመጣ አውቃለሁ፤ ይህኛው ፊልም አልተቆረጠም። ከሠላሳ ዓመት በኋላ ልጁ ምን እንዳለ ልሰማ ነው። ፖሊሱ ሮጠ፤ ገጨው፤ ጆንያው ወደቀ። ልጁ ዞረ። ደረጀን አይመስልም። አፍንጫውም፣ ግንባሩም፣ ምኑም። አፉን ከፈተና ምንም አልተሰማም፤ ለእሱ ትርጉም አልሠሩለትም። መንገደኛ ነው፤ ማንም ድምፁን ሊሰጠው አልደከመም። ተሳፋሪው በወደቀው ጆንያ ሳቀ።

መሐል ሜዳ ስወርድ ወደ ማዘጋጃ ቤት አልሄድኩም። እትዬ አስካለ መንኩሰው ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር አጠገብ በአንዲት ጠባብ ቤት እንደሚኖሩ ነገሩኝ። በሩ ገርበብ ብሏል። ዐይናቸውን ሞራ ሸፍኖታል፤ እጃቸው ግን ዛሬም ይፈትላል። ሰላም ስላቸው አንገታቸውን ዘንበል አደረጉ።

«ይህ ድምፅ የአስተርጓሚው ነው። በቀለ አይደለህም? ደረጀን አየኸው ወይ ከዚያ ወዲህ?»

መንገድ ላይ ስንት ጊዜ ያጠናሁት ንግግር ነበረኝ። አንዱም አልመጣም። «እማሆይ፣ ያ ልጅ ደረጀ አልነበረም» አልኩ። «ያኔም አውቅ ነበር። ምን እንዳለም አላውቅም። ከሆዴ ነው ያወጣሁት።»

እንዝርቱ ቆመ። ውጭ የሰው ኮቴ አለፈ።

«ታዲያ ያ ልጅ የማን ነበር?» አሉ በመጨረሻ።

«አላውቅም፣ እማሆይ።»

«እናቱ አላየችው ይሆናል። እኔ አየሁላት።» እንዝርቱን ጉልበታቸው ላይ አኖሩት። «ሠላሳ ዓመት ሙሉ ስሙን ከሕያዋን ጋር ነው የማስጠራው። ነፍሱ የት ቆማ ትጠብቀኝ ኖሯል?»

ከእግራቸው ሥር ወደቅሁ። በአገራችን የበደለ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ነው ይቅርታ የሚለምነው፤ እኔም ደጃፉ ላይ ያለውን ድንጋይ ላነሣ እንደሆነ ነገርኳቸው።

«ድንጋዩን ተወው፤ በሩን የምደግፍበት ነው። ይልቅ ነገ ማለዳ መርዶ አርዳኝ።»

«አሁን ነገርኩዎት እኮ፣ እማሆይ።»

«አሁን የነገርከኝ ወሬ ነው። መርዶ ወግ አለው። ያኔ ሰው ይዘው መጡ፤ በአንተ ቃል መለስኳቸው። የመለስካቸው አንተ ነህ፤ አንተው አምጣቸው። እኔ እዚሁ ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ።»

ያን ቀን ሲመሽ በየቤቱ ዞርኩ። አባ ተክሌ ካረፉ ቆይተዋል፤ በቦታቸው ላሉት ካህን ሁሉንም ነገርኩ፤ ለጎረቤቱም፣ ለእኅታቸው ልጆችም። ዱላ ይዘው የነበሩት ዛሬ ሽማግሌዎች ናቸው። አንዳቸውም አልመቱኝም፤ ቢመቱኝ ይሻል ነበር። ዓለም ከተማ ለጌታቸው ስልክ ደወልኩለት። እስክጨርስ ሰማኝና «እኔ ያኔ ተናግሬያለሁ» ብሎ ዘጋው።

ጎህ ሲቀድ ዐሥራ አምስት የምንሆን ሰዎች በራቸው ላይ ቆምን። ከፊት እኔ ነኝ። ብርዱ ጥርስ ያንቀጫቅጫል። እማሆይ አስካለ በሩን ከፈቱ፤ አንዳች ነገር እንዳልሰማ ሰው።

«ደግ ነው ወይ? ምን እግር ጣላችሁ በማለዳ?» አሉ።

«እማሆይ፣ ደረጀ ሞቷል» አልኩ። «በረሃ ላይ ነው የሞተው። ጌታቸው በእጁ ቀብሮታል። እውነቱን ነበር።»

የማያይ ዐይናቸውን ወደ ድምፄ አዞሩ።

«ሲሞት ምን አለ?»

ካህኑ ወደ እኔ ተመለከቱ። ሰውም ሁሉ እንደዚያን ጊዜው እኔን ያያል። እናትን የሚያጽናና ቃል ዛሬም አፌ ላይ ሞልቶ ነበር።

«አላውቅም፣ እማሆይ» አልኩ።

ልቅሶው ያኔ ተጀመረ።